ኩላሊቱ ተስማማኝ፣ ኮሌስትሮሉ ግን ወጣብኝ፤ ምን ላድርግ?

ሁለተኛ ዕድል

ሰላም ለሁላችሁም። ኩላሊት ከተተከለልኝ 14 ወር ሆነኝ። ኩላሊቱ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነው። የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው የደም ቁጥር፣ ክሪያቲኒኔ፣ 1.2 ላይ ቆሟል። ችግሬ ሌላ ነው። ባለፈው ሳምንት የደም ውጤቴ ሲመጣ ኤልዲኤል (መጥፎው ኮሌስትሮል) 172፣ ትራይግሊሰራይድ (ሌላው የደም ስብ) 260 ይላል። ዶክተሬ ወረቀቱን አየት አደረገና ስታቲን ከሚባሉት የኮሌስትሮል ማውረጃዎች አንዱን፣ አቶርቫስታቲን 10 ሚሊግራም ጻፈልኝ። «ማታ ማታ ትወስዳለህ» አለኝ። በቃ። ከበር ውጭ ብዙ ሰው ይጠብቅ ስለነበር እኔም አልጠየቅኩም።

እኔ ድሮም ወፍራም ሰው አይደለሁም። ቤተሰባችን ውስጥ ኮሌስትሮል ያለበት ሰው አላውቅም። ዲያሊሲስ (የኩላሊት እጥበት) ላይ በቆየሁባቸው 3 ዓመታት ደግሞ ኮሌስትሮሌ ዝቅተኛ ነበር። ያኔ ስታቲን ያስፈልገኝ እንደሆነ ስጠይቅ «ለአንተ አያስፈልግም» ነበር መልሱ። እና የሚሠራ ኩላሊት ከገባልኝ በኋላ ነው የሚብሰው? አልገባኝም።

አሁን በቀን 11 ክኒን እውጣለሁ። 12ኛው ሲመጣ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ስታቲን ጡንቻ ይበላል፣ ኩላሊት ይጎዳል ሲባል እሰማለሁ። ክኒኑን ገዝቼ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። የምወስዳቸው ሰውነቴ ኩላሊቱን እንዳይገፋው የሚሰጡት ታክሮሊመስ፣ ማይኮፌኖሌት፣ ፕሬድኒሶሎን 5 ሚሊግራም እና የደም ግፊት መድኃኒት ናቸው። በምግብ ብቻ ማውረድ አይቻልም?

ባለ ጉበቱ

አይዞህ ወንድሜ። እኔ ጉበት ነው የተተከለልኝ፤ 9 ዓመት አልፎኛል። እኔም በሁለተኛው ዓመት ነው ኮሌስትሮሉ የወጣብኝ። መጀመሪያ የወቀስኩት ራሴን ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ቅባት ያለው ነገር አፌ አልገባም። ኤልዲኤሌ ከ165 ወደ 154 ወረደ። ያን ያህል ተሠቃይቼ 11 ነጥብ!

በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ። ጥፋቱ በአብዛኛው የመድኃኒቶቹ ነው። ፕሬድኒሶሎን ጉበት ብዙ ስብ ሠርቶ ወደ ደም እንዲለቅ ያደርጋል። የምግብ ፍላጎትንም ይከፍታል። ሳይክሎስፖሪን የሚባለው ሌላው የንቅለ ተከላ መድኃኒት ኤልዲኤልን ከፍ ያደርጋል። ታክሮሊመስ ከእሱ ይሻላል፣ ግን ስኳር ሊያመጣ ይችላል፤ ስኳር ሲመጣ ትራይግሊሰራይድ ይከተላል። ከሁሉም የከፉት ሲሮሊመስ እና ኤቨሮሊመስ የሚባሉት የንቅለ ተከላ መድኃኒቶች ናቸው። አንተ ከምትወስዳቸው ውስጥ ማይኮፌኖሌት በዚህ በኩል ንጹሕ ነው።

አደራህን ግን፣ ይህን ሰምተህ «እንግዲያው ፕሬድኒሶሎኑን ልቀንሰው» እንዳትል። እኔ አስቤው ነበር። ባለቤቴ ናት ያስቆመችኝ። ኮሌስትሮል ዛሬ ባይወርድ ነገ ይወርዳል። ሪጀክሽን (ሰውነት የተተከለውን አካል መግፋቱ) ከመጣ ግን ነገ የሚባል ቀጠሮ የለውም።

ነጭ ጋውን

የንቅለ ተከላ ክትትል ክፍል ውስጥ የምሠራ ነርስ ነኝ። የዲያሊሲሱን ነገር ልመልስልህ። ብዙ ሰው ይጠይቀኛል።

ዲያሊሲስ ላይ ያለ ሰው ኮሌስትሮሉ ዝቅ ብሎ ሲታይ ሁልጊዜ መልካም ዜና አይደለም። ምግብ አልበላ ብሎት፣ ሰውነቱም በብግነት ተዳክሞ ሊሆን ይችላል። ደግሞ «ፎርዲ» እና «አውሮራ» የሚባሉ ሁለት ትልልቅ ጥናቶች ነበሩ። ዲያሊሲስ ላይ ላሉ ሰዎች ስታቲን ቢሰጥም የተጠበቀው ጥቅም አልተገኘም። ለዚህ ነው «ኬዲጎ» የተባለው ዓለም አቀፍ የኩላሊት መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2013 ሁለቱን የለያቸው። ዲያሊሲስ ላይ ላለ ሰው ስታቲን አዲስ እንዲጀመር አይመክርም። ኩላሊት ለተተከለለት አዋቂ ግን ይመክራል። ስለዚህ ያኔ «አያስፈልግም» ያሉህም፣ ዛሬ ያዘዙልህም ትክክል ናቸው። የተቀየርከው አንተ ነህ።

ኩላሊት ይጎዳል ለሚለው፣ ለተተከለላቸው ሰዎች ብቻ የተሠራ ጥናት አለ። «አለርት» ይባላል። ኩላሊት የተተከለላቸው 2,102 ሰዎች ናቸው የተሳተፉበት። ገሚሱ ፍሉቫስታቲን ወሰደ፣ ገሚሱ ባዶ ክኒን። ከ5 ዓመት በላይ ተከታተሏቸው። ኤልዲኤል 32 በመቶ ወረደ። በልብ ሕመም መሞትና ሀርት አታክ በሲሶ ያህል ቀነሰ። ሐቁን ለመናገር፣ ጥናቱ መጀመሪያ ዋና መለኪያ ብሎ የያዘው የልብ ችግሮች ጠቅላላ ድምር ላይ ልዩነቱ አሳማኝ አልነበረም። ተተካዩን ኩላሊት ግን አልጎዳም። አልጠቀመውምም። የሚጠቅመው ልብህን ነው። ኩላሊቱ እየሠራ ከሚሞቱ ሰዎች ብዙዎቹን የሚወስደው ደግሞ ልብ ነው።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ሽንትህ ውስጥ ፕሮቲን ታይቷል? ታይሮይድህስ? ፕሮቲን በሽንት መፍሰሱም፣ የታይሮይድ መዳከሙም ኮሌስትሮልን ከፍ ያደርጋሉ። ካልታየ አሳያቸው።

የተፈጥሮ ወዳጅ

እኔ የምለው ለየት ይላል። ኩላሊት ከተተከለልኝ 5 ዓመቴ ነው። ስታቲን አንድም ቀን አልወሰድኩም። ነጭ ሽንኩርት በክኒን መልክ እና ቀይ የእርሾ ሩዝ የሚባል እንክብል እወስዳለሁ። ተፈጥሯዊ ነው። ጎንዮሽ ጉዳት የለውም። ኤልዲኤሌ ከ150 ወደ 115 ወርዷል። ሁሉም ነገር ኬሚካል መሆን የለበትም። ያንን ክኒን እዚያው መሳቢያህ ውስጥ ተወው።

ክኒን ቆጣሪ

እኔ ፋርማሲስት ነኝ። የተፈጥሮ ወዳጅ፣ እባክህ እንዳትቀየመኝ። ኤልዲኤልህ የወረደው ስታቲን እየወሰድክ ስለሆነ ነው!

ቀይ የእርሾ ሩዝ ውስጥ ኮሌስትሮል የሚያወርደው ነገር ሞናኮሊን ኬ ይባላል። ሎቫስታቲን ከሚባለው መድኃኒት ጋር አንድ ነው። ስሙ ነው የተለየው። ሎቫስታቲን ደግሞ ንቅለ ተከላ የተደረገለት ሰው እንዳይወስዳቸው ከምንላቸው ስታቲኖች የመጀመሪያው ነው። እንክብሉ ውስጥ ስንት ሚሊግራም እንዳለም አይታወቅም፤ ከጠርሙስ ጠርሙስ ይለያያል። ቢያንስ የሐኪም ክኒን መጠኑ ተጽፎበታል።

አሁን ዋናውን ነገር ልንገራችሁ። ስታቲን ሁሉ አንድ አይደለም። ሲምቫስታቲን፣ ሎቫስታቲን እና አቶርቫስታቲን ጉበት ውስጥ የሚፈርሱት ታክሮሊመስንና ሳይክሎስፖሪንን በሚያፈርሰው በዚያው ኢንዛይም ነው። አንድ በር፣ ሁለት ወረፋ። ሳይክሎስፖሪን ደግሞ ወረፋ ብቻ አይደለም የሚይዘው፤ በሩን ይዘጋዋል። ስታቲን ወደ ጉበት የሚገባበትን ሌላ መንገድም ይዘጋል። ስለዚህ በዚያ በር የማያልፈው ሮሱቫስታቲን እንኳ ከሳይክሎስፖሪን ጋር ሲወሰድ ደም ውስጥ ወደ 7 እጥፍ ይደርሳል። 10 ሚሊግራም የዋጠ ሰው 70 እንደዋጠ ቁጠሩት።

ሳይክሎስፖሪን ላይ ላለ ሰው ሲምቫስታቲን፣ ሎቫስታቲን እና ፒታቫስታቲን ክልክል ናቸው። ፍሉቫስታቲን ወይም ፕራቫስታቲን በተወሰነ መጠን ነው የሚመረጠው። ታክሮሊመስ በዚህ ነገር ከሳይክሎስፖሪን በጣም ይለዝባል። ሁለተኛ ዕድል፣ የታዘዘልህ አቶርቫስታቲን 10 ከታክሮሊመስ ጋር የተለመደ፣ ጥንቃቄ ያለበት አጀማመር ነው። ዶክተርህ ለማስረዳት ጊዜ አጣ እንጂ ሳያስብ አልጻፈም።

በነገራችን ላይ፣ ሳይክሎስፖሪንም የመጀመሪያው ስታቲንም የተገኙት ከሻጋታ ነው። ስታቲኑን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያገኘው አኪራ ኤንዶ የሚባል ጃፓናዊ ነው። ሁለት ሻጋታ ጉበታችን ውስጥ ይጣላል፤ እኛ መሐል ገብተን እናስታርቃለን።

የተፈጥሮ ወዳጅ

እንዲህ የሚያስፈራ ቢሆን ኖሮ በ5 ዓመት ውስጥ አንድ ነገር በሆንኩ ነበር።

ደረጃ ፈሪው

የተፈጥሮ ወዳጅ፣ እኔም እንደዚያ እል ነበር። የእኔን ልንገርህ።

ሳይክሎስፖሪን ላይ ነኝ፤ ኩላሊቱ ከተተከለ 16 ዓመቱ ነው። የዛሬ 4 ዓመት ለሥራ ሌላ ከተማ ሄድኩ። እዚያ አንድ ክሊኒክ ኮሌስትሮሌን አይቶ ሲምቫስታቲን 40 ሰጠኝ። የምወስደውን መድኃኒት ጠየቁኝ። «የኩላሊት መድኃኒት» አልኩ። ዝርዝሩን አላሳየሁም። እነሱም አልደገሙም። ጥፋቱን ለሁለት ተካፍለናል።

በሦስተኛው ሳምንት ጭኔ መድከም ጀመረ። ስፖርት የሠራሁ ነው የመሰለኝ። ከዚያ ደረጃ መውጣት አቃተኝ። ወንበር ላይ ተቀምጬ ለመነሣት እጄን መደገፍ ነበረብኝ። አንድ ቀን ጠዋት ሽንቴ እንደ ኮካ ኮላ ጠቁሮ ወጣ። ያን ዕለት ነው የነቃሁት። ሆስፒታል ስገባ ሲኬ የሚባለው የጡንቻ ምርመራ 30 ሺህ አልፏል። የሚፈርሰው ጡንቻ ኩላሊቴን እየዘጋው ነበር። ክሪያቲኒኔ ከ1.4 ወደ 3.1 ወጣ። 9 ቀን በግሉኮስ ሳይሆን በጨው ውኃ ብዛት ነው ያዳኑኝ። ክሪያቲኒኑም ተመልሶ 1.6 ላይ ቀረ፤ የበፊቱን አላገኘሁትም።

የሚገርማችሁ፣ አሁንም ስታቲን እወስዳለሁ። ፍሉቫስታቲን ነው። የእኔ ችግር ስታቲን መሆኑ አልነበረም። ከማን ጋር እንደተገናኘ ነው።

ሁለተኛ ዕድል

ደረጃ ፈሪው፣ እንኳን ተረፍክ። እውነቱን ልናገር፣ ታሪክህን ሳነብ መሳቢያውን ልቆልፈው ነበር። ከዚያ የመጨረሻዋን አንቀጽ አነበብኩ።

ክኒን ቆጣሪ፣ ታዲያ ምልክቱን እንዴት ልለየው? እኔ እኮ ፕሬድኒሶሎን ከጀመርኩ ወዲህ ጡንቻዬ ያለ ስታቲንም ይደክመኛል።

ክኒን ቆጣሪ

ጥሩ ጥያቄ። የስታቲኑ ሕመም ብዙ ጊዜ በሁለቱም ጎን ነው። ሁለቱም ጭን፣ ሁለቱም ትከሻ። ክኒኑ ከተጀመረ ወይም መጠኑ ከተጨመረ በኋላ ይመጣል። አንድ ጉልበት ብቻ ካመመህ ስታቲኑን አትክሰሰው። ከመጀመርህ በፊት ግን የዛሬውን ድካምህን ለሐኪምህ ንገረውና ሲኬህ አንዴ ይለካ። በኋላ የምታወዳድርበት ቁጥር ይኖርሃል። ሽንት ከጠቆረ ወይም መነሣት ካቃተህ ቀጠሮ የለም፤ ያኑ ዕለት መሄድ ነው።

ሌላ ደግሞ በመሐል የሚገቡ መድኃኒቶች አሉ። ጉንፋን ያዘኝ ብለህ ሄደህ ክላሪትሮማይሲን ይሰጡሃል። ለፈንገስ ፍሉኮናዞል ይሰጡሃል። እነዚህ ያንን በር ይዘጉታል። ስታቲንህም ታክሮሊመስህም ደም ውስጥ አብረው ከፍ ይላሉ። ለሪህ የሚሰጠው ኮልቺሲንም ከስታቲን ጋር ጡንቻ ላይ ያብራል። ግሬፕፍሩት የሚባለውን ፍሬ እና ጁሱን ጨርሶ እርሳው። ፖሜሎ እና መራራ ብርቱካን የሚባሉትም እንደዚያው ናቸው። የተለመዱት ጭማቂዎች ግን ችግራቸው ስኳራቸው ነው።

የባለ ልቡ ሚስት

እኔ እንኳ ታማሚ አይደለሁም። ልብ የተተከለለት ባለቤቴ ነው፤ 6 ዓመቱ። ልጆች ስትጨቃጨቁ አይቼ ነው የገባሁት።

ለእሱ ፕራቫስታቲን የጀመሩለት በሁለተኛው ሳምንት ነው። ያኔ ኮሌስትሮሉ ምንም አልነበረውም። «ለምን የሌለበትን በሽታ ታክማላችሁ?» ብዬ ተቆጣሁ። ሐኪሙ ረጋ ብሎ አስረዳኝ። ልብ ሲተከል የአዲሱ ልብ ደም ሥሮች ቀስ እያሉ ይጠባሉ፤ ስታቲን ያንን ያዘገየዋል አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣ አንድ ጥናትም ነገረኝ። 97 ሰዎች ነበሩ። ፕራቫስታቲን ከወሰዱት ዓመቱን በሕይወት የጨረሱት 94 በመቶ፣ ካልወሰዱት 78 በመቶ። ቁጥሩን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ለልብ እንግዲህ ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

ባለ ጉበቱ

እናቴ፣ እግዜር ይስጥልን። ባለቤትዎ ዕድለኛ ናቸው።

ሰማያዊ ክኒን

እኔ የመጣሁት በትራይግሊሰራይድ ነው። ከታክሮሊመስ ወደ ሲሮሊመስ ስቀየር በ2 ወር ውስጥ 640 ገባ። ላብራቶሪው ኤልዲኤሌን እንኳ «ሊሰላ አይችልም» ብሎ ባዶ ተወው። ለካ ትራይግሊሰራይድ ከ400 ሲያልፍ የተለመደው የኤልዲኤል ስሌት አይሠራም። ሐኪሜን ያስጨነቀው ግን ቆሽቴ ነበር። በጣም ሲወጣ ቆሽት ያቆጣል አለኝ። የሲሮሊመሱ መጠን ደም ውስጥ ሲለካ ከሚፈለገው በላይ ሆኖ ተገኘ። እሱ ተስተካከለ፣ አልኮልና ስኳር ያለው መጠጥ አቆምኩ። 290 ወረደ። ትራይግሊሰራይድ የሚያወርደውን ፌኖፋይብሬት ሊጨምሩልኝ አስበው ነበር፤ ክሪያቲኒንን ከፍ ስለሚያደርግ ትተውታል።

ሁለተኛ ዕድል፣ የአንተ 260 ከቅቤ ሳይሆን ከስኳር እንዳይሆን። ምን ትጠጣለህ?

ሁለተኛ ዕድል

ኧረ ተነቃብኝ! ቅቤና ጥብስ ትቻለሁ ብዬ ስኩራራ ነበር። ጁስ ግን በቀን አንድ ሊትር አያንሰኝም። ዲያሊሲስ ላይ ውኃ በመለኪያ ስለነበር አሁን መጠጣት ስችል ያማረኝን ሁሉ ጠጣሁ። «ኩላሊቱ ውኃ ይወዳል» ተባልኩ፤ እኔ ጁስ ሰጠሁት።

ነጭ ጋውን

ሃሃ፣ ብቻህን አይደለህም። ከተከላ በኋላ በመጀመሪያው ዓመት ሰው የሚወፍረው በዚሁ ነው። ምግብ ጣዕሙ ይመለሳል፣ ክልከላው ይነሣል፣ ፕሬድኒሶሎኑ ያስርባል።

ጨው ቀነስኩ ብላችሁ «የጨው ምትክ» የሚባለውን ግን አትግዙ። ብዙዎቹ ፖታሲየም ናቸው። ታክሮሊመስና ሳይክሎስፖሪን በራሳቸው የደም ፖታሲየምን ከፍ ያደርጋሉ።

የደም ምርመራ ቀን ደግሞ የጠዋቱን ታክሮሊመስ ቤት ውጣችሁ አትምጡ። ይዛችሁት ኑ፤ ደም ከተቀዳ በኋላ ዋጡት። የሚለካው ከሚቀጥለው ክኒን በፊት የቀረው መጠን ነው። ቀድማችሁ ከዋጣችሁ ቁጥሩ በውሸት ይወጣል። ሐኪሙ ያንን አይቶ መጠኑን ከቀነሰ ኩላሊቱ ነው የሚከፍለው። ለኮሌስትሮሉ መጾም ብዙ ጊዜ ግዴታ አይደለም። እንደ ሰማያዊ ክኒን ትራይግሊሰራይዱ የወጣበት ግን ጾሞ ቢመጣ ይሻላል።

አዲስ ገቢ

ይቅርታ፣ ወሬ ላቋርጥ። እናንተ 172፣ 165 ስትሉ ደነገጥኩ። የእኔ ኤልዲኤል 4.4 ነው። በጣም አነሰ ማለት ነው? ሊጨምሩልኝ ይገባል?

ክኒን ቆጣሪ

ኧረ በፍጹም! 4.4 በሚሊሞል ነው፤ እኛ የምናወራው በሚሊግራም። ኮሌስትሮል ከሆነ በ38.7 አባዛው። 170 ይመጣል። አንተና ሁለተኛ ዕድል እኩል ናችሁ። ትራይግሊሰራይድ ከሆነ ማባዣው 88.6 ነው፤ አታምታታቸው።

አዲስ ገቢ

ወይ ጉድ። ሦስት ወር ሙሉ ኮሌስትሮል የለብኝም እያልኩ ነው የከረምኩት።

የተፈጥሮ ወዳጅ

ጠርሙሱን አገላብጬ አየሁት። በጣም በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። «የንቅለ ተከላ መድኃኒት የሚወስዱ ሐኪም ያማክሩ» ይላል። 5 ዓመት ሙሉ አላየሁትም። የፊታችን ሰኞ ቀጠሮ አለኝ፤ ጠርሙሱን ይዤ እሄዳለሁ። ነጭ ሽንኩርቱንም። ክኒን ቆጣሪ፣ አልተቀየምኩም። ትንሽ ብቻ።

ሁለተኛ ዕድል (ከ3 ወር በኋላ)

ሰላም። ተመልሻለሁ። ክኒኑን ከመሳቢያ አወጣሁት። ሲኬ ከመጀመሬ በፊት ተለካ፤ ደህና ነበር። ሽንቴ ውስጥ ፕሮቲን የለም፤ ታይሮይዴም ደህና ነው። ጁሱን በውኃ ቀየርኩ፤ መጀመሪያ ሳምንት ራሴን አመመኝ። በቀን 40 ደቂቃ እሄዳለሁ።

ኤልዲኤል 108። ትራይግሊሰራይድ 165። ክሪያቲኒን 1.2፣ እንዳለ ነው። የታክሮሊመሴ መጠንም አልተናጋም። ጡንቻዬ እንደ ድሮው ይደክመዋል፣ የባሰ ነገር የለም። ዶክተሬ ግን ኤልዲኤሉ ትንሽ ቢወርድ ይመርጣል። አቶርቫስታቲኑን 20 ከማድረግ ኢዜቲማይብ የሚባል ልጨምርልህ ይላል። 13ኛ ክኒን! ለምን እጥፍ አያደርገውም?

ክኒን ቆጣሪ

እሰይ! ዶክተርህ ልክ ነው። ስታቲንን እጥፍ ብታደርገው ኤልዲኤል የሚወርደው ተጨማሪ 6 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። የጡንቻው ስጋት ግን ይጨምራል። ኢዜቲማይብ በሌላ መንገድ ነው የሚሠራው፤ አንጀት ኮሌስትሮል እንዳይመጥ ይከለክላል። ወደ 20 በመቶ ያወርዳል። በዚያ በተጨናነቀው በርም አያልፍም። ሳይክሎስፖሪን ላይ ብትሆን ሁለቱ አንዱ የሌላውን መጠን ስለሚያወጡ ጥንቃቄ ያስፈልግ ነበር፤ አንተ ግን ታክሮሊመስ ላይ ነህ። ኮሌስቲራሚን የሚባል ዱቄት ካዘዙልህ ግን እጅህን አውጣና ጠይቅ። ማይኮፌኖሌትን አንጀት ውስጥ ይዞት ይወጣል።

ሁለተኛ ዕድል

እሺ፣ ገባኝ። አሁን የቀረኝ ችግር አንድ ነው። የማታውን ክኒን እረሳዋለሁ። ከፊልም ጋር እንቅልፍ ይዞኝ ይሄዳል።

ክኒን ቆጣሪ

አቶርቫስታቲን ሰውነት ውስጥ ስለሚቆይ የግድ ማታ አይደለም። ለዶክተርህ ንገረውና ከጠዋቶቹ ጋር አድርገው።

ነጭ ጋውን

የደም ቀን ግን ከጠዋቶቹ ጋር ታክሮሊመሱን አብረህ እንዳትውጠው!

ሁለተኛ ዕድል

 ክኒኖቹን በፌስታል ይዤ ነው የምመጣው።